ስለ «ጄን ቪ» በስህተት የሚነገሩ ነገሮችና እውነታው

«ጄን ቪ» «ዘ ቦይስ» ከተባለው ዝነኛ ተከታታይ የወጣ ስላቅ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ቮት ኢንተርናሽናል የተባለ ግዙፍ ኩባንያ ባቋቋመው ጎዶልኪን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን ተማሪዎቹ ልዩ ኃይል ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ሕልማቸው ዲግሪ መያዝ ሳይሆን «ሰባቱ» በሚባለው የኩባንያው አንደኛ የሱፐርሂሮ ቡድን ውስጥ ወንበር ማግኘት ነው። የመጀመሪያው ሲዝን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023፣ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2025 በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሲዝን 8 ክፍል አለው። በሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአንድ ቀን ተለቀው የቀሩት በየሳምንቱ አንድ አንድ እየሆኑ ወጥተዋል።

ተከታታዩን ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ እሱ የሚያወራው ግን ብዙ። ከአጫጭር ቪዲዮና ከተተረከ ማጠቃለያ የተቃረመ ወሬ እየተቀባበለ እንደ እውነት ተይዟል። ከታች ያለው ጽሑፍ የታሪኩን ምሥጢሮች ያወጣልና፣ ለማየት ያሰበ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦችና የእይታ ቅደም ተከተሉን አንብቦ ሌላውን ቢያቆየው ይሻላል።

«ስለ ተማሪዎች ስለሆነ ከዋናው ለዘብ ያለ፣ ለልጆችም የሚሆን ነው»

ፈጽሞ አይደለም። የዕድሜ ደረጃው ከ«ዘ ቦይስ» ጋር አንድ ነው፤ ለአዋቂ ብቻ። እንዲያውም አንዳንዱ ትዕይንት ከዋናው ይብሳል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚደርሰው ገና ካደጉ ብዙ ባልቆዩ ልጆች አካል ላይ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ክፍል የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚያሳዩት ማሪ ሞሮ (ጃዝ ሲንክሌር) ልጅ ሳለች ነው። ቤተሰቡ ኤ-ትሬይን የተባለው ጀግና ወደ ሰባቱ መቀላቀሉን በቴሌቪዥን ያያል፤ እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ የመጀመሪያ የወር አበባዋ ይመጣባታል። ደምን የማዘዝ ኃይሏ የሚነቃው በዚያች ቅጽበት ነው። እናትና አባቷን ሳታስበው ትገድላቸዋለች፤ ታናሽ እህቷ አናቤት ታያለች። ተከታታዩ በዚህ ነው የሚከፈተው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ በፕራይም ቪዲዮ መለያ ማስተካከያ ውስጥ የዕድሜ ገደብ ማድረግና በፒን መቆለፍ ይቻላል። ለልጆቹ የራሳቸውን የልጆች ፕሮፋይል መክፈት ብቻውን አይበቃም። የአዋቂው ፕሮፋይል ያለ ፒን ክፍት ከሆነ አንድ ጠቅታ ወደዚያ ይወስዳቸዋል። በመነሻ ምስሉ ላይ የሚታዩት ፊቶች የወጣትና የካምፓስ ስለሆኑ ወላጅ በቀላሉ ይሸወዳል።

«ኃይላቸው የተፈጥሮ ስጦታ ነው»

በዚህ ዓለም ውስጥ ኃይል ይዞ የተወለደ የለም ማለት ይቻላል። ኮምፓውንድ ቪ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ቮት ለወላጆች ከፍሎ ሕፃናትን ያስወጋል። ለሕዝቡ ግን «ፈጣሪ የመረጣቸው» እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል። ይህ ምሥጢር በ«ዘ ቦይስ» መጀመሪያ ሲዝን ነው የሚወጣው። «ጄን ቪ» ሲጀምር ነገሩ በአደባባይ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጎዶልኪን ካምፓስ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ገና በእቅፍ ሳለ ወላጆቹ ፈርመው ሰጥተውታል። ተከታታዩ ከ«ዘ ቦይስ» የተለየ ጣዕም የሚያገኘውም ከዚህ ነው። እዚህ ያሉት ገጸ ባሕርያት የተታለለው ሕዝብ ወገን አይደሉም። ዕቃዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዕቃ መሆናቸውንም ያውቃሉ።

የተማሪዋ የኤማ እናት ልጇ ትንሽ ሆና ካሜራ ፊት እንድትቀርብ የምታደርገውን ግፊት፣ የተማሪው የአንድሬ አባት ፖላሪቲ ልጁ የእሱን ስምና ቦታ እንዲወርስ የሚያሳድርበትን ጫና ያየ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ይገባዋል።

«ኃይሉ ገደብ የለውም፣ ደራሲዎቹ እንደፈለጉ ያደርጉታል»

ይህን የሚሉት ልብ ብለው ያላዩት ናቸው። እያንዳንዱ ኃይል መነሻ፣ ዋጋና የሚበላሽበት መንገድ አለው፤ ታሪኩም የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ነው።

የማሪን እንውሰድ። መጀመሪያ ላይ የምትጠቀመው የራሷን ደም ብቻ ስለሆነ መዳፏን በስለት መቁረጥ አለባት። ቀስ በቀስ የሌላውን ሰው ደም መስማት፣ ማቆም፣ ወደ ቁስሉ መመለስ፣ በመጨረሻም ማፈንዳት ትችላለች። ቪክቶሪያ ኒውማን የተባለችው ፖለቲከኛም ተመሳሳይ ኃይል አላት፤ ሁለቱም ያደጉት ሬድ ሪቨር በተባለው የቮት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። አንዷ የሰው ራስ በሩቅ እያፈነዳች ወደ ሥልጣን ስትወጣ፣ ሌላዋ በዚያው ኃይል የሰው ነፍስ ልታተርፍ ስትታገል እናያለን።

ኤማ ማየር (ሊዚ ብሮድዌይ) ትንሽ ለመሆን ማስታወክ፣ ትልቅ ለመሆን አብዝታ መብላት አለባት። «ሊትል ክሪኬት» የሚለው ስሟ ደስ የሚል ይመስላል፤ ከበስተጀርባው ያለው ግን ጥርት ያለ የአመጋገብ ሕመም ነው። ደራሲዎቹ ይህን በሽፍንፍን አላለፉትም። በሁለተኛው ሲዝን ኃይሏ ከምግብ ሳይሆን ከስሜቷ ጋር የተያያዘ መሆኑን እያወቀች ትመጣለች። ብዙ ሰው ይህን «ሕጉን ቀየሩት» ብሎ ይወቅሳል። ሕጉ አልተቀየረም። ማስታወኩ ልጅቷ ስለ ራሷ የምታስበውን ተከትሎ የመጣ እንጂ የኃይሉ መነሻ አልነበረም፤ ይህም ከታሪኩ ጋር ይሄዳል።

ኬት ደንላፕ (ማዲ ፊሊፕስ) በባዶ እጇ የነካችውን ሰው ያዘዘችውን ታስፈጽመዋለች፤ ጓንት የምታደርገው ለዚህ ነው። ልጅ ሳለች ወንድሟን ተቆጥታ «ሂድ፣ አትመለስ» አለችው፤ ሄደ፣ አልተገኘም። ኃይሉን ደጋግማ ስትጠቀም ራሷን ያማታል፤ ከአቅም በላይ ስትገፋው ዓይኗ ይደማል። የሌሎችን ትዝታ መደምሰሷ በመጀመሪያው ሲዝን መሐል ላይ ያለውን ግራ መጋባት ሁሉ ያብራራል፤ ገጸ ባሕርያቱ ቀናት የጠፉባቸው በእሷ ነው።

አንድሬና አባቱ ብረት ያንቀሳቅሳሉ፤ ኃይሉ ግን አንጎላቸውን እየጎዳው ነው። ይህችን ነጥብ አትርሱ፤ ወደ ታች እንመለስባታለን።

ጆርዳን ሊ ወንድም ሴትም ይሆናል/ትሆናለች። ወንድ ሲሆን ድብደባ የማይበሳው አካል አለው፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ከእጇ የኃይል ፍንዳታ ትለቃለች። ጥሩ የተቀናበረ ፍልሚያ ላይ ይህን መከታተል ደስ ይላል። ምቱ ሲመጣ ወንዱ ይቀበላል፣ መልሱን ሴቷ ትሰጣለች። አንዳንዶች «በኮምፒውተር የተቀየረ አንድ ተዋናይ ነው» ይላሉ። ሁለት ናቸው፤ ሴቷን ለንደን ቶር፣ ወንዱን ዴሪክ ሉ ይጫወታሉ፤ አረማመዳቸውንና የንግግር ቃናቸውን አንድ ለማድረግ የሠሩት ሥራ ከብዙ ልዩ ኢፌክት ይበልጣል።

«የሚሾፈው በሱፐርሂሮ ፊልሞች ላይ ነው»

በ«ዘ ቦይስ» ይህ በከፊል ልክ ነው። እዚህ ግን ዋናው ዒላማ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ይበልጥ በትክክል፣ ተማሪን እንደ ምርት የሚያይ ትምህርት ቤት።

ጎዶልኪን ውስጥ ሁለት ታላላቅ ትምህርት ክፍሎች አሉ። አንዱ በላምፕላይተር ስም የተሰየመ የወንጀል መከላከል ትምህርት ቤት፣ ሌላው በክሪምሰን ካውንተስ ስም የተሰየመ የትወና ጥበብ ትምህርት ቤት። «ዘ ቦይስ»ን ያየ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። ላምፕላይተር በሁለተኛው ሲዝን ራሱን ያቃጠለ፣ ክሪምሰን ካውንተስ በሦስተኛው በቀድሞው ጀግና በሶልጀር ቦይ የተገደለች ናት። ተማሪዎቹ ወደ ክፍል የሚገቡት በእነዚህ ሰዎች ስም ሥር ነው። ከሁለቱ አንዱ የፖሊስ ሥራ፣ ሌላው የመዝናኛ ሥራ ይመስላል፤ ለቮት ግን ሁለቱም የሚያመርቱት የሚሸጥ ፊት ነው።

ካምፓሱ ውስጥ እንደ ኳስ ሊግ የሚታይ የደረጃ ሰሌዳ አለ። አንደኛው ሉክ ሪዮርዳን፣ «ጎልደን ቦይ» ነው። ደረጃ የሚወጣው በፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። ተከታይ፣ ዝና፣ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሁሉ ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ አንድ ትዕይንት ብቻ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያው ክፍል እነ ሉክ ፍሬሽ የሆነችውን ማሪን ይዘው ወደ ክለብ ይወጣሉ። አንድሬ በብረት ሲጫወት ነገሩ ከእጁ ያመልጥና የአንዲት ሴት አንገት ይቆረጣል። ሁሉም ሲደነግጥ ማሪ ደሙን ይዛ ወደ ሴትዮዋ አካል ትመልሰዋለች፤ ሴትዮዋ ትተርፋለች። በማግስቱ የሚባረረው ማነው? ማሪ ናት። ፕሮፌሰር ብሪንከርሆፍ (ክላንሲ ብራውን) የታዋቂ አባት ልጅና ወደ ሰባቱ የሚሄደው ኮከብ በዚህ ጉዳይ ስማቸው እንዲነሳ አይፈልግም። ወላጅ የሌላት ልጅ አለች፤ እሷ ላይ ይለጠፋል። ነገሩ የተፈጸመው በተራ ቢሮ ውስጥ፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው። ጩኸት የለም። በተከታታዩ ከታዩት ፍንዳታዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምመው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የዚሁ ሌላው ገጽ ነው። ሉክ ፕሮፌሰሩን ገድሎ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተዋግቶ ራሱን በሰማይ ላይ ያፈነዳል። ኩባንያው ወዲያው ጀግና ያስፈልገዋል። በፍልሚያው ከማሪ ጋር የቆመው ጆርዳን ነበር። ዜናው ግን «ማሪና አንድሬ አስቆሙት» ብሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ጾታው/ዋ የሚቀያየር ጀግና ለገበያ አይመችም። ትናንት የተባረረችው ማሪ ዛሬ የደረጃ ሰሌዳው ላይ ትወጣለች፤ ካሜራ ፊት ቆማ የምታውቀውን ውሸት ትናገራለች። የምትናገረው ተገድዳ ብቻ አይደለም፤ ደረጃው ጥሟታል። ደራሲዎቹ ማሪን ንጹሕ አድርገው አለማቅረባቸው ትልቁ ብልሃታቸው ነው ባይ ነኝ።

የሲዝኑ መጨረሻም በዚሁ መንገድ ይዘጋል። በስምንተኛው ክፍል ኬትና የሉክ ወንድም ሳም ከመሬት በታች የታሰሩትን ተማሪዎች ይለቃሉ፤ የተለቀቁት ካምፓሱ ላይ ተራ ሰዎችን መግደል ይጀምራሉ። ማሪ፣ ጆርዳን፣ ኤማና አንድሬ ያስቆሟቸዋል። ከዚያ የሰባቱ መሪ ሆምላንደር ይመጣል፤ ማሪን «የራስሽን ወገን ታጠቂያለሽ?» ዓይነት ጥያቄ ጠይቆ በዓይኑ ጨረር ይመታታል። ስትነቃ አራቱም በር የሌለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ገዳዮች ይላቸዋል። ጀግኖቹ «የጎዶልኪን ጠባቂዎች» የተባሉት ኬትና ሳም ናቸው።

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎልደን ቦይ ነው፤ ፓትሪክ ሽዋርዘኔገር የሚመራው ተከታታይ ነው»

ማስታወቂያው እንዲህ እንድታስቡ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሉክ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የሚታየው በትዝታና በወንድሙ በሳም ራእይ ውስጥ ነው። ዋናዋ ማሪ ናት።

«የኮሚኩ መጽሐፍ ቀጥታ ቅጂ ነው»

«ዘ ቦይስ» የተባለው ኮሚክ የጋርዝ ኤኒስና የዳሪክ ሮበርትሰን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በ2012 በ72ኛው እትም አለቀ። መጀመሪያ የዲሲ ክንፍ በሆነው ዋይልድስቶርም ሥር ወጣ፤ ከስድስት እትም በኋላ ተቋርጦ ወደ ዳይናማይት ተሻገረ። በውስጡ ጂ-ሜን የተባለ ቡድን የሚታይበት ታሪክ አለ፤ ጎዶልኪን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ኤክስ-ሜንን በመራራ ቀልድ የሚያላግጥ ሲሆን መሪው ጆን ጎዶልኪን ነው።

ተከታታዩ የወሰደው ስሙንና ጥቂት ሐሳብ ነው። ማሪ፣ ኤማ፣ ኬት፣ ጆርዳን፣ አንድሬ፣ ሉክና ሳም ለቴሌቪዥን የተፈጠሩ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው መሥራችም እዚህ ቶማስ ጎዶልኪን ነው። ስለዚህ «ኮሚኩን አንብቤያለሁ፣ መጨረሻውን አውቃለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በትሕትና ዝም በሉት። ፈጣሪዎቹ ክሬግ ሮዘንበርግ፣ ኢቫን ጎልድበርግና ኤሪክ ክሪፕኪ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሲዝን የመሩት ሚሼል ፋዜካስና ታራ በተርስ ሲሆኑ ሁለተኛውን ፋዜካስ መርታለች።

«ዲን ሼቲ የተደበቀ ኃይል አላት»

የዩኒቨርሲቲው ዲን ኢንዲራ ሼቲ (ሼሊ ኮን) ምንም ኃይል የላትም፤ ነጥቡም ይኸው ነው። ባሏና ልጇ የሞቱት ሆምላንደር በ«ዘ ቦይስ» የመጀመሪያ ሲዝን አውሮፕላን ውስጥ ተሳፋሪዎችን ለማዳን ገብቶ፣ መቆጣጠሪያውን በራሱ ጨረር አቃጥሎ፣ ከዚያ ሁሉንም ጥሎ በሄደበት በረራ 37 ላይ ነው። ያንን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም። ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ተከታታይ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ፈገግ የምትል ሴት የዚያ አውሮፕላን ዕዳ ናት።

የምታደርገው ነገር ግን ሐዘኗን አይመስልም። ከካምፓሱ በታች «ጫካው» የሚባል ምሥጢራዊ እስር ቤት አለ። ዶክተር ካርዶሳ በታሰሩ ተማሪዎች ላይ እየሞከረ ኮምፓውንድ ቪ ያለበትን ሰው ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ይሠራል። እሷ የምትፈልገው ቁጥጥር ሳይሆን እልቂት ነው፤ በትንፋሽ እንዲተላለፍ። በሰባተኛው ክፍል ኬት በዲኗ ላይ ኃይሏን ተጠቅማ የራሷን አንገት እንድትቆርጥ ታደርጋታለች። ካርዶሳ ቫይረሱን ለቪክቶሪያ ኒውማን ይሰጣል፤ ኒውማን ትቀበለዋለች፣ ከዚያ የዶክተሩን ራስ ታፈነዳለች።

ሼቲን «ክፉ» ወይም «ተበቃይ» ብሎ አንዱን መምረጥ አይቻልም። ስለ ልጇ ስታወራ እውነቷን ነው። ኬትን እንደ ልጅ የምታቅፈውም በእውነት ይመስላል። ያንኑ እጅ ይዛ ደግሞ የወንድማማቾቹን የሉክንና የሳምን ትዝታ ታስጠፋለች።

«ዘልለህ ‹ዘ ቦይስ›ን ብቻ ብትከታተል ምንም አያመልጥህም»

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። አራተኛው የ«ዘ ቦይስ» ሲዝን የሚሽከረከረው ከላይ በተባለው ቫይረስ ዙሪያ ነው። ቫይረሱ ከየት መጣ፣ ለምን ኒውማን እጅ ገባ የሚለውን የሚነግረው «ጄን ቪ» ብቻ ነው። ኬትና ሳም በዚያ ሲዝን ይታያሉ፤ ማን እንደሆኑ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳም። ቴክ ናይት የተባለው ሀብታም መርማሪም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ«ጄን ቪ» ሲሆን፣ በኋላ «ዘ ቦይስ» ውስጥ ተመልሷል። በተቃራኒው ሶልጀር ቦይ በ«ጄን ቪ» ስድስተኛ ክፍል ኬት አእምሮ ውስጥ ይመጣል።

ስለዚህ በወጡበት ቅደም ተከተል ማየት ይበጃል፤ ታሪኩም በዚያው ይሄዳል። «ዘ ቦይስ» ሲዝን 1 (2019)፣ ሲዝን 2 (2020)፣ ሲዝን 3 (2022)፤ ከዚያ «ጄን ቪ» ሲዝን 1 (2023)፤ «ዘ ቦይስ» ሲዝን 4 (2024)፤ «ጄን ቪ» ሲዝን 2 (2025)፤ በመጨረሻ የ«ዘ ቦይስ» 5ኛውና የመዝጊያው ሲዝን (2026)። ሁሉም ስምንት ስምንት ክፍል ናቸው። «ጄን ቪ» ሲዝን 2 የሚጀምረው የሆምላንደር ወገን የአሜሪካን መንግሥት ከተቆጣጠረ በኋላ ስለሆነ፣ አራተኛውን ሳያዩ መግባት የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ በግራ መጋባት ማሳለፍ ነው።

ሌላው የሚሳሳቱበት ነገር፤ የ«ጄን ቪ» የመጀመሪያ ሲዝን ስምንተኛ ክፍል የተዋናዮቹ ስም ዝርዝር መሮጥ ሲጀምር አላለቀም። ከስም ዝርዝሩ በኋላ የ«ዘ ቦይስ» ቡድን መሪ ቡቸር ጫካው ውስጥ ገብቶ የቀረውን ሲመለከት የሚያሳይ አጭር ትዕይንት አለ፤ ወደ አራተኛው ሲዝን የሚያሸጋግረው ድልድይ እሱ ነው።

«አንድሬ የጠፋው ተዋናዩ ከአምራቾቹ ጋር ስለተጣላ ነው»

ይህ ወሬ ሰውን ይበድላል። ቻንስ ፐርዶሞ በማርች 2024፣ በ27 ዓመቱ፣ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ሁለተኛው ሲዝን ሊቀረጽ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አዘጋጆቹ ቀረጻውን አዘገዩ፣ ጽሑፉን እንደገና ጻፉ፣ ሌላ ተዋናይ በቦታው ላለማስገባት ወሰኑ። በታሪኩ ውስጥ አንድሬ ኤልማይራ በተባለው እስር ቤት ጓደኞቹን ለማስመለጥ ሲሞክር ይሞታል። ከላይ የተባለው፣ ኃይሉ አንጎሉን ይጎዳው የነበረው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ ድንገተኛ መፍትሔ ያልመሰለው በመጀመሪያው ሲዝን መሠረቱ ስለተጣለ ነው። አባቱን የሚጫወተው ሾን ፓትሪክ ቶማስ በሁለተኛው ሲዝን ከምንጊዜውም በላይ ቦታ አግኝቷል፤ ሐዘኑም ትወና ብቻ አይመስልም።

«ሳይፈር ማለት ቶማስ ጎዶልኪን ነው»

ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት። በሁለተኛው ሲዝን የሚመጣው አዲሱ ዲን ሳይፈር (ሃሚሽ ሊንክሌተር) ሲያወራ የሚያወራው ጎዶልኪን ነው። አካሉ ግን ዳግ የተባለ ተራ ሰው ነው። ደሙ ውስጥ ቪ የለም፤ ማሪ ስትፈልግበት ምንም የማታገኘው ለዚህ ነው። አንቀሳቃሹ ጎዶልኪን እ.ኤ.አ. በ1967 ላቦራቶሪ ውስጥ ክፉኛ ተቃጥሎ፣ በሳይፈር ቤት ውስጥ በኦክስጅን ክፍል ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው ነው፤ የሌሎችን አካል በሩቅ ያንቀሳቅሳል። ሊያድነው የሚችለው የማሪ ኃይል እንዴት እየተሳለ እንደሄደ፣ ለምን አጥብቆ እንደሚያሠለጥናት እንደገና ብታዩት እያንዳንዱ ትምህርት ሌላ ትርጉም ይይዛል። ስትፈውሰው የሚነሳው ጎዶልኪን በሌላ ተዋናይ፣ በኢታን ስሌተር፣ ይጫወታል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ ይበቃሉ። ጎዶልኪን ዩኒቨርሲቲ አሜሪካ ውስጥ ያለ እውነተኛ ካምፓስ አይደለም፤ ቀረጻው ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ አካባቢ ነው፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሚሲሳጋ ካምፓስ ሕንፃዎች በሥዕሉ ላይ ይታያሉ። «ጄን ቪ» ከ«ዘ ቦይስ» የወጣ የመጀመሪያው ሥራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 «ዲያቦሊካል» የተባለ ስምንት አጫጭር የአኒሜሽን ክፍል ያለው ሥራ ቀድሞታል። አብዛኛው ከዋናው ታሪክ ውጭ የሆነ ቀልድ ነው፤ ስምንተኛው ክፍል ግን የሆምላንደርን የመጀመሪያ ቀናት የሚያሳይ፣ ከዋናው ታሪክ የሚቆጠር ነውና ከ«ዘ ቦይስ» ሦስተኛው ሲዝን በፊት ቢያዩት ይጠቅማል።